የሳልሳ ቆርቆሮ መሬት

ባለፈው ግንቦት አንዲት የትምህርት ማስረጃ ላይ ማህተም ለማስመታት ነቀምቴ ከተማ፣ ቡርቃ ጃቶ ሠፈር ወዳለው የድሮ ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። «ማህተሙ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል፤ ጠብቂ» ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ውጭ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠዋል፤ በተሰበረው መስኮት የእርጥብ ቀይ አፈር ሽታ ይገባል። ሽታው ወደመጣበት ዞር ስል፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ በር አጠገብ የቆመውን ባለመስታወት ቁም ሳጥን አየሁት።

እዚያው ነበር። ከዋንጫዎቹና ከፕላስቲክ አበባው መሃል፣ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ ግራጫው የብረት ሳጥን ተቀምጧል። አጠገቡ የሳልሳ ቆርቆሮ፤ በቆርቆሮው ውስጥ አፈር። ፊት ለፊታቸው በላስቲክ የታሸገ ጽሑፍ ቆሟል፦ «በትምህርት ቤታችን የተሠራ፣ በአካባቢያችን አፈር የሚንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ። መንካት ክልክል ነው።» ከሥሩ ያው ነገር በአፋን ኦሮሞ ተደግሟል።

ደሜ ፈላ። ማመንጫ አይደለም! በአፈርም አይንቀሳቀስም! አፈሩን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ነው የቆፈርኩት።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ነጋዴ ነው፤ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ ባልዲ፣ ከጥግ ደግሞ ፒንሳና ካቻቢቴ ይሸጣል። እናቴ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ያለችው የአኖ ከተማ ልጅ ናት። ሁለቱ በብዙ ነገር ይስማማሉ፤ በመንካት ጉዳይ ግን ሰማይና ምድር ነበሩ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ደንበኛውን፣ «ያዘው! አገላብጠህ እየው! ምን ያስፈራሃል፣ ንካው እንጂ!» ይላል። ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤታችን ደግሞ የእናቴ ቡፌ አለ። ቡፌው ውስጥ ባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እጄን ወደዚያ ከዘረጋሁ፣ «ተይ! ለእንግዳ ነው» የምትለው ድምፅ ከየትም ትመጣለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ብርጭቆዎቹ ለዚያ እንግዳ አይመጥኑም ወይም እንግዳው ለእነሱ አይመጥንም፤ ብቻ አይወጡም። እናም በብርጭቆ ነጋዴ ቤት ውሃ በፕላስቲክ ኩባያ እየጠጣሁ አደግሁ።

ትምህርት ቤቱም ቡፌ ነበረው። «ኮምፒውተር ክፍል» ይባላል። ማን እንደለገሳቸው የማናውቃቸው ኮምፒውተሮች እኛ ከመግባታችን በፊት መጥተው፣ በየጠረጴዛው ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው ሴት ሠራተኞች የሠሩት ነጭ ዳንቴል ለብሰው ተቆልፎባቸዋል። ጓደኛዬ ቦንቱና እኔ በመስኮቱ ተንጠላጥለን እናያቸው ነበር። ከቴሌቪዥን ሌላ ነገር መሆናቸውን አላውቅም ነበር፤ ያውም የታመሙ ቴሌቪዥኖች ይመስሉኝ ነበር። የተሸፈኑትም፣ ዝም ያሉትም፣ ማንም እንዳይገባባቸው የተከለከለውም ስለታመሙ ነው ብዬ ለቦንቱ አስረድቻታለሁ። እሷም «እንግዳ የሚመጣው ሊጠይቃቸው ነው ማለት ነው» አለችኝ። ክፍሉ የሚከፈተው እውነትም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ፊዚክስ የሚያስተምረን ባርሲሳ ገመቹ ነው። ባርሲሳ ማለት መምህር ማለት ነው፤ እኛ ግን የስሙ ቁራጭ አድርገነው ነበር። የአርጆ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲናደድ ኦሮምኛውም አማርኛውም ባንድ ላይ የሚወጣው። የዚያን ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ስንማር አምፖል በጠመኔ ይስልልናል፤ ከአምፖሉ ዙሪያ ደግሞ ጨረር። እኛም ጨረሩን እየቆጠርን ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን። አንድ ቀን ቦንቱ እጇን አውጥታ፣ «ባርሲሳ፣ ሽቦው ቢበጠስ አምፖሉ ምን ይሆናል?» አለችው።

«ይጠፋል።»

«እንዴት ነው የሚጠፋው?»

ዳስተሩን አንስቶ ጨረሩን አጠፋው። «ይኸው፣ እንዲህ» አለ። ክፍሉ በሙሉ «እሺ» አለ። እሱ ግን ዳስተሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ፊቱ እየጠቆረ መጣ። «እኔ ለእናንተ የጠመኔ አምፖል ነው የማስተምረው? ማል ጄቹዳ! ምን ማለት ነው ይሄ!» ብሎ ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። አቧራው ፊተኛው ወንበር ላይ በተቀመጥነው ላይ ረገፈ። የተናደደው በቦንቱ መስሎን ልጅቷ አለቀሰች።

የተናደደው በቦንቱ አልነበረም። ከክፍላችን ወጥቶ በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ነበር የሄደው። እኔ የክፍሉን ጠመኔ የማመጣ ልጅ ስለነበርኩ በር ላይ ደርሼ ሰማኋቸው። የንብረት ኃላፊዋ አዴ ሌንሴ ቁልፎቿን ወገቧ ላይ አስራ ቆማለች።

«አዴ ሌንሴ፣ ጣሪያው ያፈሰሰበትን ኮምፒውተር ስጪኝ። የሞተውን።»

«አልሞተም።»

«ውሃ ጠጥቷል እኮ! እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።»

«ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ሞተ አይባልም፣ ባርሲሳ። ንብረት ነው።»

«ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«ሰብሳቢው ሲመደብ።»

አዴ ሌንሴ ክፉ ሴት አልነበረችም። አንድ ጊዜ የጠፋ ወንበር ያመጣባትን መከራ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሆናለች። በመጨረሻ ግራ ቀኝ አይታ፣ «ቁጥሩ የተጻፈው ከውጭ ነው። ከውስጡ የምትወስደውን እኔ አላየሁም። ልብሱ ግን ቦታው ይመለስ» አለችው። ልብሱ ያለችው የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ነው። እንደተባለው ባዶው ቆርቆሮ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ዳንቴሉንም ለበሰ። ከዚያ በኋላ የመጡ እንግዶች ሁሉ ባዶ ቆርቆሮ እየጎበኙ ሄደዋል። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ሳቅም ንዴትም ባንድ ላይ ይመጣብኛል።

ባርሲሳ ገመቹ ያወጣው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ከሶኬት የሚመጣውን ኮረንቲ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ዝቅ አድርጎ የሚያከፋፍለውን ሳጥን። «ውሃው የገባው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ልቡ ደህና ነው። ልቡን አውጥተን ለላብራቶሪ የኮረንቲ ምንጭ እናደርገዋለን። ባትሪ ድንጋይ አለቀ ማለት ቀረ። እያንዳንዳችሁ በገዛ እጃችሁ አምፖል ታበራላችሁ፣ ማግኔት ትሠራላችሁ። አንድ ልጅ ሳይቀር!» አለን። ካቻቢቴና ፒንሳ ማን ማምጣት ይችላል ሲል እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዲህ አድርጌ ገባሁበት።

ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ በምትባለው ባዶ ክፍል እንሠራለን። ሳጥኑን ቶሎ አልከፈተውም። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኮረንቲ ያጠራቅማል፤ ሳይለቅ ከነኩት ይይዛል፤ ስለዚህ አሳድረነው፣ እሱ ብቻ ከፈተው፤ እኔ ጣቴን ወደ ውስጥ እንዳላስገባ በእናቴ አስማለኝ። «ኮረንቲ ያዘው» ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ኮረንቲ እጅ ያለው ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። ሳጥኑን ማሳደር ማለትም ውስጥ ያለውን ነገር በረሃብ ማድከም መሰለኝ። ጠዋት ሄጄ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ምንም አይተነፍስም።

ከሳጥኑ የሚወጡት ሽቦዎች ባለቀለም ሹሩባ ይመስሉ ነበር። ባርሲሳ ገመቹ ፈታትቶ በየቀለማቸው አሰራቸው። «ቢጫው ጉልበተኛው ነው፣ ለመኪና አምፖል ይሆናል። ቀዩ መካከለኛ፣ ብርቱካንማው ደካማ። ጥቁሩ ለፋ ነው። ይቺ አረንጓዴዋ ደግሞ መቀስቀሻ ናት፤ ጥቁሩን ስትነካ ሳጥኑ ይነቃል።»

ለፋ በኦሮምኛ መሬት ማለት ነው። ባለሙያዎች የኮረንቲን መመለሻ መሬት ብለው እንደሚጠሩት ያኔ ማን ነግሮኝ! መሬት ካለ መሬት ነው።

ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰካና አረንጓዴውን ከጥቁሩ አገናኘ። የሳጥኑ ማራገቢያ ብድግ አለ፣ ወዲያው ቆመ። ደግመን ሞከርን፤ ብድግ ይልና ይተኛል። ባርሲሳ ገመቹ ራሱን እያከከ ሽቦዎቹን ሲመለከት ቆይቶ፣ «ለፋው በደንብ አልያዘም ይሆን እንዴ?» ብሎ አጉረመረመ። ለራሱ ነበር ያለው፤ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።

በደንብ አይይዝማ! ጥቁሩ ሽቦ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መሬት የት አግኝቶ ይይዛል? ሰውየው ይህን ያህል ተምሮ እንዴት ይቺ ጠፋችው እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ከጓሯችን የማንጎ ዛፍ ሥር፣ እናቴ ሳልሳ በጨረሰችበት ቆርቆሮ፣ ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር ቆፍሬ ሞላሁ። ትል ነበረበት፤ ኮረንቲ እንዳይዘው ብዬ አወጣሁት።

በማግስቱ ስደርስ ባርሲሳ ገመቹ የለም፤ ወደ ባጃጅ ጋራዥ ሄዷል ተባለ። ቆርቆሮዬን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳጥኑ ጀርባ አስቀምጬ ከጥቁሮቹ ሽቦዎች አንዱን አፈሩ ውስጥ ጠቀጠቅሁት፤ በእጄም ዙሪያውን ደመደምኩት። እሱ የባጃጅ የፊት መብራት አምፖል ይዞ እየሮጠ ገባ። አምፖሉን በቀዩና በጥቁሩ መሃል አሰረ፣ ሰካ፣ አረንጓዴዋን ከጥቁሩ አነካካ። ማራገቢያው ብድግ አለ። አልቆመም! አምፖሉ ፍም መሰለ።

«መሬቱ ያዘ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?»

«መሬቱ! እኔ ያመጣሁት!»

ከሳጥኑ ጀርባ ጎንበስ ብሎ አየ። ቆርቆሮውን አየ። አፈሩን አየ። ከዚያ ያ ረጅም ሰውዬ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። በሌለበት ያዳንኩትን ሥራ ይስቅበታል እንዴ! አኩርፌ ልወጣ ስል፣ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ» ብሎ መለሰኝና አስረዳኝ። ለፋ ስም ብቻ ነው፤ ኮረንቲው ዞሮ የሚመለስበት። ሳጥኑ የተኛው ደግሞ ሥራ ስላልነበረው ነው። «ይሄ ሳጥን የሚያሠራው ነገር ከሌለ መልሶ ይተኛል። አምፖሏን ስንሰጠው ሥራ አገኘ፣ ነቅቶ ቀረ።» ሽቦውን ከአፈሩ ነቅሎ አሳየኝ፤ ማራገቢያው እንደዞረ ነው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። በልቤ ግን አፈሩም ትንሽ ሳይረዳ አይቀርም አልኩ።

ቆርቆሮዋን አልጣላትም። በማርከር፣ በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ «ለፋ» ብሎ ጻፈባትና የጋለውን መበየጃ የሚያቆምባት አደረጋት። ብየዳ ባረፈ ቁጥር የጋለው ብረት እርጥቡ አፈር ውስጥ ሲሰካ ጭስስ ይላል፤ የሚቀልጠው የብየዳ ሊድ ጭስና የአፈሩ ሽታ ይቀላቀላል። የዚያ ዓመት ሽታ ለእኔ ያ ነው።

የሳጥኑን ቆርቆሮ ጋራዥ ወስደን ቀዳዳ አስበሳነው። በየቀዳዳው ብሎን ገባ፤ ብሎኑ ቆርቆሮውን እንዳይነካ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጠን አለበስነው። ቢጫዎቹ ለአንድ ብሎን፣ ቀያዮቹ ለአንድ፣ ብርቱካንማዎቹ ለአንድ፣ ጥቁሮቹ ለአንድ ተበየዱ፤ አምፖሏም ከላይ ቦታ አገኘች። ማብሪያ ማጥፊያ እንግጠምለት ወይ ስለው ግን እምቢ አለ። አረንጓዴዋንና አንዲት ጥቁር ሽቦ ጫፋቸውን ልጦ ወደ ውጭ አወጣቸው። «እነዚህ ሁለቱ አይይዙም፤ ምንም አያደርጉም። እያንዳንዱ ልጅ በገዛ እጁ አነካክቶ ይቀስቅሰው። የተኛ ነገር በእጃቸው ሲነሳ ይዩ» አለኝ። ካልነኩት የማይነሳ ዕቃ ነበር የሠራነው። ይህ ይታወቅልኝ።

ከዚያ ተራ ተጀመረ። በየረድፉ፣ ከበሩ በኩል። እያንዳንዱ ልጅ ምስማር ላይ መዳብ ሽቦ ይጠመጥማል፣ ጫፎቹን ከብሎኖቹ ያስራል፣ አረንጓዴዋን ከጥቁሯ ያነካካል፤ ምስማሩ ማግኔት ይሆንና መርፌ ቁልፍ ያነሳል። ቦንቱ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና ሽቦዎቹን አነካካች። መርፌ ቁልፎቹ ተያይዘው ሲንጠለጠሉ የጮኸችው ጩኸት ከጎን ክፍል መምህር አስመጣ። «እኔ ነኝ ያስነሳሁት! እኔ! በእጄ!» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ጣቶቿን ታሳየን ነበር። የእኔ ረድፍ ከበሩ ርቆ በመስኮቱ በኩል ስለሆነ መጨረሻ ነው። ቀድሜ ልሞክር ብዬ ስለምነው ባርሲሳ ገመቹ፣ «አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ። የቤት ሰው እንግዳ አስተናግዶ ነው የሚበላው» አለኝ። ኮራሁ። መጠበቄም ክብር መሰለኝ። በየቀኑ ለሌላው ምስማር እየጠመጠምኩ፣ መርፌ ቁልፍ እየሰበሰብኩ ጠበቅሁ፤ የራሴን ምስማር ከሁሉ አስበልጬ መርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር። ተራችን ሰኞ ሊሆን ዓርብ ዕለት እንግዶች መጡ።

የእንግዶቹ ነገር እንዲህ ነው። ከየት እንደመጡ አልተነገረንም፤ መኪናቸው ትልቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ከላብራቶሪ ሳጥናችንን አስወጥቶ፣ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ፣ በዳንቴል አስቀመጠው። ያስወጡት ሰዎች አጠገቡ ያገኙትን ሁሉ አብረው አወጡ፤ ቆርቆሮዋንም ጭምር። እኔና ቦንቱ አበባ ይዘን ከጠረጴዛው ጎን ቆመናል። ባርሲሳ ገመቹ ከኋላ ከመምህራኑ ጋር ነው። «እንቀስቅሰውና እናሳያቸው» ቢል፣ ዳይሬክተሩ «እንግዳ ኮረንቲ ቢይዘውስ? አይነካም!» አለው።

ከእንግዶቹ አንዷ ቆርቆሮዋን አይታ፣ «ይህስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አነበበ። «ለፋ» አለ። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «መሬት! ኃይሉን የሚያገኘው ከመሬት ነው። ከራሳችን አፈር!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ባርሲሳ ገመቹ ከኋላ፣ «አይደለም፣ እሱ እኮ—» ሲል ሰማሁት። ዳይሬክተሩ ዞር ሳይል፣ «ባርሲሳ፣ በኋላ» አለው። እንግዶቹ ቆርቆሮዋን ፎቶ አነሱ። ሳጥኑ በፎቶው ውስጥ ከጎን ነው የገባው።

ሰኞ ምስማሬን ይዤ ላብራቶሪ ስገባ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሳጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ ጽሑፍ ቆሞለታል። ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ያንን ያህል ድፍረት ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም።

«ተራዬ ዛሬ ነበር» አልኩት።

በደግነት ፈገግ አለ፤ የሚያናድደኝ ያ ደግነቱ ነው። «ለእናንተው ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። ልጆች ከነካኩት ይበላሻል። ሌላ እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን?»

ለእኛው! ለእኛ ተብሎ ከእኛ የሚቆለፍ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው? ለማየት የሚሠራ ሥራ፣ ለመማር ሳይሆን ለመጎብኘት የሚከፈት ትምህርት ቤት! ያኔ ይህን የምልበት ቃል አልነበረኝም፤ ምስማሬን ጨብጬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ከእናቴ ቡፌ ባለወርቁን ብርጭቆ አወጣሁና ፊቷ ቆሜ ውሃ ጠጣሁበት። ልትቆጣ አፏን ከፍታ ፊቴን አየች፤ ጆጉን አንስታ ውሃ ጨመረችልኝ።

ባርሲሳ ገመቹ ከዳይሬክተሩ ጋር በሠራተኞች ስብሰባ ተጨቃጨቀ፤ ድምፁ እስከ ሜዳው ይሰማ ነበር። «ከፈተና በኋላ ይታያል» ተባለ። ከፈተና በኋላ የታየው የእሱ ዝውውር ነው፤ ወደ አኖ መደቡት። ሊሄድ ሲል አባቴ ሱቅ ብርጭቆ ሊገዛ መጣ። አባቴ እንደ ልማዱ «ያዙት፣ ባርሲሳ፣ አገላብጡት» ሲል፣ እሱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያየ፣ «ተራሽ አልቀረም። ተላለፈ እንጂ» አለኝ። ፊቴን አዞርኩበት። በእሱም ተናድጄ ነበር፤ የቤት ሰው መጨረሻ ይበላል ያለኝ እሱ አይደለም ወይ!

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት በዚያ ኮሪደር የተቀመጥኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ተነስቼ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆምኩ። አረንጓዴዋ ሽቦና ጥቁሯ ጫፋቸው እንደተላጠ፣ አጠገብ ለአጠገብ፣ ሳይነካኩ ተኝተዋል። የጠመኔ ካርቶን የያዘች ተማሪ ከጀርባዬ መጥታ ቆመች። በዕድሜ የዚያን ጊዜዋን እኔን ታክላለች።

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አፈሩ ኮረንቲ ይሰጣል» አለች፣ የተጠየቀ እንደሚመልስ ተማሪ ቀጥ ብላ።

«ሲሠራ አይተሽዋል?»

«እኛ?» ሳቀችብኝ። «ለእንግዳ ነው እኮ!»

ለእንግዳ! መዳፌን መስታወቱ ላይ በንዴት አሳረፍኩት። መስታወቱ ገጭ አለና ተንሸራተተ። ሁለታችንም ደነገጥን። ጓጉንቸሩን አየሁት፤ የተንጠለጠለው በአንደኛው በር እጀታ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱን በሮች አልያዘም። ይይዝ የነበረው መቼ እንደሆነ እንጃ፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም። ያ ሁሉ ልጅ በዚህ ኮሪደር ሲያልፍ ያገደው አንድ የታሸገ ወረቀት ነበር።

«አዳዳ፣ ሂን ቱቂን! አክስቴ፣ አይነካም!» አለች ልጅቷ።

«ይነካል» አልኳት። ሳጥኑን በሁለት እጄ አውጥቼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ አቧራውን እፍ አልኩለት፤ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቼ ከበሩ አጠገብ ካለው ሶኬት ሰካሁት። እሷ ደግሞ ምናልባት ያስፈልገው ይሆናል ብላ ቆርቆሮዋን አምጥታ አጠገቡ አደረገችለት። «በይ፣ ይቺን አረንጓዴ ከጥቁሯ አነካኪያት። አትይዝሽም።»

ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደ ቦንቱ። አነካካቻቸው። ምንም የለም። ደገመችው። ምንም። በዚህ መሃል ከቢሮው፣ «ኢብሳን ዴሜ! መብራት ሄደ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዝናቡ ባየለ ቁጥር እንደሚሆነው ነው።

ልጅቷ ግን ያንን አልሰማችም። ጣቷን ቆርቆሮው ውስጥ ከትታ አፈሩን ጫን ጫን አድርጋ ካየች በኋላ፣ ምክንያቱን ያገኘች ሰው ሆና ቀና አለች። «አዳዳ፣ አፈሩ ደርቋል። ለዚህ ነው። ውሃ ላምጣለት?»

በእሷ አልተናደድኩም። የእኔ ስህተት አንድ ቀን ነበር የኖረው፤ አንድ ሰው ስቆበት፣ አስቀምጦ አስረድቶኝ ታርሟል። የእሷን ግን አስረው፣ አሽገው፣ በሁለት ቋንቋ ጽፈው ነው ያስተማሯት። ቆርቆሮዋን አነሳሁና በተሰበረው መስኮት አፈሩን ወደ ዝናቡ ደፋሁት። ልጅቷ አፏን ያዘች።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «መብራት ሲመጣ ያለ አፈር ታስነሽዋለሽ።»

ተቀመጠች። አምፖሏን፣ ብሎኖቹን፣ ሽቦዎቹን ተራ በተራ እያስነካሁ አስረዳኋት። ለፋ ስም ብቻ መሆኑን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ አላመነችኝም፤ አውቀዋለሁ ያንን ንቅነቃ። ጥቂት ቆይቶ የማህተሙ ሰውዬ ከስብሰባው ወጥቶ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ። የተከፈተውን ቁም ሳጥን አየ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሳጥን አየ፣ ባዶውን ቆርቆሮ አየ።

«እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ንብረት እኮ ነው! ወረቀትሽንስ አምጪ፣ ልምታልሽና ሂጂ። ቢሮ ልዘጋ ነው።»

«ይጠብቁ» አልኩት፤ ዓይኔን ከጣሪያው አምፖል ላይ ሳላነሳ። «ተራ ይዘናል። መጀመሪያ እሷ፣ ከእሷ ቀጥሎ እኔ።»